የአመተ ሥላሴ ክንድ

ጋሼ ደግሰው ወደ አመተ ሥላሴ ቤት የላከኝ ሥዕሉ አለመድረሱን አይቼ እንድመለስ ነበር።

«ሂጂና እይው» አለኝ፣ የማተሚያ ማሽኑን አቧራ በጨርቅ እየጠረገ። «ካልደረሰ ባነሩን ሰኞ ማታ እናትማለን። ደርሷል ካልሽም፣ እንግዲህ ደርሷል ነው።»

ጋሼ ደግሰው የእናቴ ወንድም ነው። ሰቆጣ ውስጥ ባነር የሚያትመው ቤት የእሱ ነው። እኔ ቱርክ አገር ኢዝሚር ድረስ ሄጄ አምስት ዓመት ሥዕል ተምሬ መጣሁና፣ እዚያ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ የምርቃት፣ የሠርግና የሙት ዓመት ባነር እሠራለሁ። የመጣሁት ለሦስት ወር ነበር፤ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ብሩሽ ከያዝሁ ደግሞ አራት፤ ተመርቄ እዚያው ስቆይ ነው የተውሁት።

ከከተማው በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አለ። ጣሪያው ሲታደስ የመቅደሱ ግድግዳዎች በኖራ ተለስነው ባዶ ቀሩ። የሰበካው ጉባኤ ለምሥራቁ ግድግዳ የስደቱን ሥዕል እንድትሥል አመተ ሥላሴን በሰኔ አዘዛት። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በአህያ ላይ፣ ዮሴፍ ከፊት፣ ሰሎሜ ከኋላ። ንግሡ ኅዳር ስድስት ነው። ጥቅምት ሲያልቅ ሥዕሉን አየሁ የሚል ሰው ስለጠፋ ጉባኤው ፈራና፣ ለማንኛውም አንድ ባነር ይዘጋጅ ብሎ የግድግዳውን ልክ በገመድ ላከልን።

ባነሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከኢንተርኔት አንድ ሥዕል አወረድሁ፣ አሰፋሁት፣ ቀለሙን አደመቅሁት። የዮሴፍ ጢም ወርቃማ ነበር፤ አጠቆርሁት። ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። ማተም የሚለውን መጫን ብቻ ነበር የቀረኝ። ባነር አንዴ ከተሰቀለ የሚያወርደው እንደሌለ ጋሼ ደግሰውም እኔም እናውቃለን፤ በሌሎች ሁለት አጥቢያዎች እንደዚያ ሆኗል። የቁስቋምም ከተጨመረ ለአመተ ሥላሴ ሥዕል የሚያዝዝ ቤተ ክርስቲያን አይኖርም። የባጃጅ ጀርባና የፀጉር ቤት ሰሌዳ ይቀርላታል።

ቤቷ ከገበያው በስተጀርባ የተከራየችው አንድ ክፍል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ስደርስ በሩ ላይ አንድ ባጃጅ ቆሟል፤ ባለቤቱ ካሤ መቀመጫው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ይነካካል። ባጃጁ ጀርባ ላይ በቀይ ቀለም «እመቤ» ተብሎ ተጽፎ እዚያው ቆሟል።

«ሦስት ሳምንት ሆነው» አለኝ ሳልጠይቀው። «ሰው ሁሉ እመቤ እያለ ይጠራኝ ጀመር። ትራፊኩ ሳይቀር።»

«ለምን አትጨርስልህም?»

«ቀዩን ቀለም ለሰሎሜ ቀሚስ አስቀምጬዋለሁ ትላለች። እስኪ አሁን እኔ ከሰሎሜ ጋር ቀለም ልሻማ?»

ውስጥ አልጋው ተነሥቶ በግድግዳው ላይ ቆሟል። ያልተጻፈባቸው የፀጉር ቤት ሰሌዳዎች ጥግ ላይ ተደርድረዋል። አመተ ሥላሴ ወለሉ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። ሃምሳን ያለፈች፣ ቁመቷ ከትከሻዬ የማይደርስ ሴት ናት። ፊት ለፊቷ፣ ተሥሎበት ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው አቡጀዴ ከግራና ከቀኝ በሁለት ረጃጅም እንጨቶች ላይ ተጠቅልሎ፣ መካከሉ ላይ አንድ ሰው ተኝቶ የሚበቃው ያህል ብቻ ተከፍቷል።

«የደግሰው እህት ልጅ ነሽ» አለች ቀና ሳትል። «ባነር ልታትሙ ነው አሉ።»

«ካልደረሰ ነው እትዬ።»

«ደርሷል። የሰሎሜ እግር ብቻ ነው የቀረው። እግር አልወድም።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የተከፈተው ክፍል ላይ የሚታየው ሕፃኑና የእናቱ እጅ ነበር። ሕፃኑ የእናቱን ነጠላ ጫፍ በጭብጡ ይዟል። የጨርቁ እጥፋት ሁሉ ከዚያች ጭብጥ ተነሥቶ በእናቱ ደረት ላይ፣ በትከሻዋ ላይ፣ እስከ ራሷ ድረስ ይሄዳል። ልጁ ቢለቅ ልብሱ ብቻ ሳይሆን ሴትየዋ ራሷ የምትፈታ ትመስላለች። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ሙሉ ወር የጨርቅ እጥፋት ሥለናል፤ መብራት አስተካክለን፣ ጨርቁን ወንበር ላይ ጥለን። አንድም ቀን ያ ጨርቅ በማን እጅ እንደተያዘ አልጠየቅሁም።

«ሙሉውን ላየው?» አልሁ።

«የት ይዘረጋል? እኔም አላየሁት።»

የቀለደች መሰለኝ። አልቀለደችም። ሥዕሉ አሥራ ሁለት ክንድ ነው፤ ክፍሉ ስምንት አይሞላም። በአንድ በኩል እየፈታች በሌላው እየጠቀለለች ነው አምስት ወር የሠራችው። ጠዋት ጠዋት ሰሌዳና ባጃጅ ትጽፋለች፤ የቤት ኪራዩ ከዚያ ነው የሚወጣው። ከምሳ በኋላ አልጋውን አንሥታ ጨርቁን ትፈታለች። ዮሴፍን ሐምሌ ላይ ጠቅልላዋለች፤ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ምሥራቁ የካህናት ነው። ሴት አትደርስም። እርስዎም ከተለጠፈ በኋላ አያዩትም። እንዲህ መድከምዎ…»

«ቄሶቹ ዓይን የላቸውም ያለሽ ማነው?» አለችና ብሩሹን ውኃ ውስጥ ነከረች። «የባጃጁን ጀርባ የሚያየው ከኋላ ያለው ሾፌር ነው። ካሤ አያየውም። ታዲያ ዘባርቄ ልጻፍለት?»

«እኔማ ዘባርቀሽም ቢሆን ጨርሺልኝ» አለ ካሤ ከውጭ።

የመጣሁበትን ጉዳይ ረሳሁ ማለት አልችልም። ደርሷል ብዬ ተመልሼ ኃላፊነቱን መወርወር እችል ነበር። ግን ልቤ አልጸናም፤ የወደድሁትን ነገር ሁሉ እጠራጠራለሁ፤ ርቄ ስለቆየሁ ብቻ ነው ደስ ያለኝ እላለሁ። ሙሉውን ሳላይ ምንም አልናገርም ብዬ፣ ከማተሚያ ቤቱ በስተጀርባ ባነር የምናደርቅበት አዳራሽ እንዳለ ነገርኋት። በፊት የእህል መጋዘን ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ካሤ ጥቅሉን በባጃጁ አመጣው። አመተ ሥላሴ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ሆነን ወለሉን ጠራርገን ፈታነው።

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ያየሁት ሦስት ሰዎች፣ አንድ ሕፃንና አንድ አህያ ነው፤ ሁሉም ወደ ግራ ይሄዳሉ። መሬቱ የእኛ መሬት ነው፤ ቀይ ቡኒ፣ ድንጋያማ፣ ከላይ ተቆርጦ የተደረደረ የሚመስለው የዋግ ተራራ። ሰሎሜ የተሸከመችው ዕቃ አንገቷን አሳጥሮታል። አህያዋ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ፣ ወደ ሕፃኑ አዙራለች። ግን ይህን አንድ በአንድ ያየሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ሁሉም መሄዳቸውን ነው። አዳራሹ ውስጥ ቆሞ የቀረ የመሰለኝ እኔ ብቻ ነበርሁ።

አመተ ሥላሴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዙሪያውን ሄደች። ዮሴፍ ጋ ስትደርስ ቆመችና በኽምጣና አንድ ነገር አለች፤ ቋንቋውን በልጅነቴ ትቼው ስለሄድሁ የሰማሁት ግማሹን ነው። አርጅተሃል ያለችው መሰለኝ።

ያኔ ነው ገመዱ ትዝ ያለኝ። የጉባኤው ሰብሳቢ አባ ገብረ ሊባኖስ ግድግዳውን ለክተው፣ ሁለቱንም ጫፍ ቋጥረው ለባነሩ የላኩት ገመድ ነው። ከመሳቢያ አውጥቼ በሥዕሉ ግርጌ ዘረጋሁት። ቋጠሮውን ከሰሎሜ በስተኋላ ካለው ጠርዝ አስጀመርሁ። ሌላው ቋጠሮ ሥዕሉን አልፎ ወለሉ ላይ ሄዶ ዐረፈ።

ሦስት ስንዝር ተረፈ።

«እንደገና» አለች። እንደገና ለካሁ። ያው ነው።

«ልኩን ማን ሰጠዎት?»

«አባ ገብረ ሊባኖስ። ወርዱ አሥራ ሁለት ክንድ ብለው።»

አባ ገብረ ሊባኖስ በየትኛውም በር ጎንበስ ሳይሉ የማይገቡ ረጅም ሰው ናቸው። አመተ ሥላሴ ቀኝ እጇን ዘርግታ ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ አየችው፤ የሰው ዕቃ ይመስል።

«አባቴ ራሱ ገብቶ ይለካ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ወጥቶ ራሱ ይቆርጣል። ክንዱ ያው አንድ ነው፣ ማን ይጠይቃል? እኔ መግባት አልችልም፤ የገቡት ለኩና ነገሩኝ። እንደ አባቴ በክንዴ ቆረጥሁ።»

አባቷ በፃግብጂ የታወቁ ሠዓሊ ነበሩ። ጦርነቱ ሲመጣ ተያይዘው ሸሽተው ሰቆጣ ገቡ፤ አባቷ በሁለተኛው ዓመት እዚህ ዐረፉ። እሷ ትንንሽ ሥዕል ሠርታለች እንጂ የራሷ ሙሉ ግድግዳ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ቁመቱስ?»

«ቁመቱ ግድ የለም፤ ከታች በቀይ ይቀባል። ወርዱ ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ካልሞላ ጎዶሎ ነው፤ አይቀበሉኝም። ለእመቤታችን ጎዶሎ አይሰጥም።»

«በግራና በቀኝ ሐረግ እንጨምርበት» አልሁ። የምለውን ነገር ስላገኘሁ ፈጠን ብዬ ነበር። «ስንዝር ተኩል ከዚህ፣ ስንዝር ተኩል ከዚያ። አያስታውቅም።»

ሥዕሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዳ አየችው። ከዚያ ጠቅልዪው አለችኝ። «ዛሬ ሰንበት ነው፤ መቀስ አይነሣም። ነገ በጠዋት ክፈችልኝ።»

ጋሼ ደግሰው ነገሩን ስነግረው አልፈረደም። ምናልባት አዝኗል። «ባነር እኮ ዝናብ አይፈራም» አለኝ ብቻ።

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዝናብ አለ እንዴ ጋሼ?»

«አንቺ ቱርክ ሄደሽ መልስ መስጠት ነው የተማርሽው።» ቀጥሎ ግን «ሰኞ ማታ» አለ። «ሰኞ ማታ ካላተምን ማክሰኞ የሚለጠፍ የለም። ንግሡ ረቡዕ ነው። ባዶ ግድግዳ ይዘን ሰው ዓይን ውስጥ እንዳንገባ።»

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ አዳራሹን ስከፍት አመተ ሥላሴን በሩ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ትርፍ አቡጀዴና የልብስ ሰፊ መቀስ ይዛለች። ሥዕሉን ዘረጋነው። ለሐረጉ ጠርዞቹን የምታስተካክል መስሎኝ እርሳስ ላቀብላት ስዞር፣ መሐል ላይ ተንበርክካ አየኋት። የዮሴፍ ጀርባና የአህያዋ አፍንጫ ሊነካኩ አንድ ጣት የሚቀራቸው ቦታ ላይ። አማተበች። ከላይ ጀምራ ቆረጠችው።

መቀሱ ጨርቁን ሲበላ እሰማዋለሁ። እጄን ልዘረጋ ነበር፤ አልደፈርሁም። አምስት ወር የሠራችውን፣ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችውን ሥዕል፣ ለሁለት ከፈለችው። ከዚያ የዮሴፍን በኩል ይዛ ሦስት ስንዝር ወደ ፊት ጎተተችው።

«ትናንት ሳየው ዮሴፍ በጣም ቀርቧት ነበር» አለች። «ያን ቀን ከፃግብጂ ስንወጣ ወንድሜ አባቴን አዝሎ ከፊት ነበር። እኔ የቀለም ሣጥኑንና ብሩሾቹን ይዤ ከኋላ። ቀና ባልሁ ቁጥር ያው ርቀት ነው። ብሮጥም ያው ነው። እነሱ ሲቆሙ እንኳ የማልደርስባቸው ይመስለኝ ነበር። ሐምሌ ላይ ዮሴፍን ስሥል፣ ቦታ እንዳይጠበኝ ብዬ አስጠጋሁት። ቦታ ነበረኝ ለካ።»

ባዶው ወለል በሁለቱ መካከል ተኝቷል። እስከ ዛሬ ስለ ሥዕል ክፍተት ብዙ ሰምቻለሁ፤ መምህሮቼ ስለሱ ሰዓታት ያወሩ ነበር። አንዲት ሴት በመቀስ ስትከፍተው ግን አላየሁም።

ትርፉን አቡጀዴ በገመዱ ለክታ፣ መጋጠሚያውን ጨምራ ቆረጠችና ብሩሽ ወረወረችልኝ። «አንቺ መሬቱን ቀቢ። እኔ ለመንገዱ እደርሳለሁ።»

«እትዬ፣ እኔ ከያዝሁ አራት ዓመት ሆኖኛል።»

«ማን ጠየቀሽ?»

ቀለም በጥብጬ አሳየኋት። ከሥዕሉ መሬት ጋር አስተያይቼ፣ እንደተማርሁት አድርጌ ነበር። ገና ሳትነካው ራሷን ነቀነቀች። «ይሄ የዘነበበት መሬት ነው። እነሱ የሄዱበት አልዘነበበትም።» ነጭ ጨመርሁ። «አሁን ደግሞ አመድ ሆነ።» ሦስተኛውንም ደፋችው። አራተኛው ላይ ከአዳራሹ ወጥቼ ከመንገዱ አንድ እፍኝ አፈር አምጥቼ ከቀለሙ ጎን አስቀመጥሁ። አፈሩን እያየሁ በጠበጥሁ። አየችው፤ ምንም ሳትል ብሩሿን ነከረችበት። ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ የተደሰትሁበት ይህ ዝምታ ነው።

ቀኑን ሙሉ ሠራን። የጽጌ ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመሰችም፤ እኔም አፍሬ አልበላሁም። መንገዱ ላይ ምንም ነገር አልሣለችም ማለት ይቻላል። ዛፍ የለም፣ ወፍ የለም። ደረቅ የወንዝ መሻገሪያ፣ ጠጠሮች፣ እያንዳንዱ ጠጠር ለየብቻው። በመጨረሻ ከዮሴፍ ተረከዝ ወደ ኋላ፣ እስከ አህያዋ ሰኮና ድረስ፣ አቧራው ላይ ሰባት የእግር ዱካ አስቀመጠች። እግር አልወድም ያለችው ሴት ናት። ስድስቱ እኩል ናቸው። ሰባተኛው፣ ለእመቤታችን የቀረበው፣ ጥልቅ ነው፤ ተረከዙ ዞሯል። ዮሴፍ እዚያች ላይ ቆሞ ወደ ኋላ አይቷል። ዮሴፍ ራሱ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ይሄዳል፤ ዘወር ማለቱን የሚያውቀው መሬቱ ብቻ ነው።

ብሩሼን እንደያዝሁ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ከኮምፒውተሩ ውስጥ የሚጠብቀኝን ባለጥቁር ጢም ዮሴፍ አሰብሁ።

ጋሼ ደግሰው ወደ ማታ መጣ። ቁልፉን እያንቀጫቀጨ በሩ ላይ «እ፣ ማተሙን እንጫን?» አለና ወለሉን አየ። ሦስቱ ጨርቆች ተጋጥመው ወለሉን ሞልተውታል። ብዙ ቆመ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ዳር ዳሩን ዞረ። ዱካዎቹ ጋ ሲደርስ ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ።

«ጫማዎን ለምን አወለቁ ጋሼ?»

«እኔ እንጃ» አለ። ጫማውን በእጁ ይዞ «ማሽኑን አጥፊው» አለኝ።

ማክሰኞ ካሤ ጥቅሎቹን ጭኖ እስከ ተራራው ሥር አደረሰን። ከዚያ በላይ ዲያቆናት በትከሻቸው ተሸከሙት። አባ ገብረ ሊባኖስ በቅጥሩ በር ላይ ጠበቁን። ሦስት ጥቅል መሆኑን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ሥዕሉ አንድ አልነበረም እንዴ አመተ?»

«ነበር አባ። ቆረጥሁት።»

«አምስት ወር የጠበቅነውን?»

«ክንድዎ ረዘመብኝ።»

አልገባቸውም፤ እሷም አላስረዳችም። ካልሞላ ወርዶ ባነር እንዲታዘዝ ጉባኤው አስቀድሞ መወሰኑን ነግረዋት፣ የዱቄት ሙጫውን ባልዲ ለዲያቆናቱ አስይዘው ገቡ። እኛ በደቡብ በኩል፣ በሴቶቹ ደጅ፣ ወይራው ሥር ተቀመጥን። ከውስጥ የመሰላል ድምፅ ይሰማል፤ የባልዲ ድምፅ፤ አንዱ ዲያቆን «ወደ ላይ፣ ወደ ላይ» ይላል። አመተ ሥላሴ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። «አሁን ሰሎሜን ለጠፉ» ትለኛለች። «አሁን አህያዋን።» ከዚያ ውስጡ ጸጥ አለ። እጄን ያዘችኝ።

አባ ገብረ ሊባኖስ ሲወጡ ጢማቸው ላይ ሙጫ ደርቋል። ከፊታችን ቆሙ።

«ሞላ?» አለች።

«ሞላ።»

«ስንት ተረፈ?»

«ምንም። ከጥግ እስከ ጥግ።» ባልዲውን አስቀመጡ። «መሐለኛውን ስንለጥፍ መሰላሉን ላነሣ ቀረብሁና ዱካውን አየሁ። ወደ ኋላ ተመለስሁ። የረገጥሁት መስሎኝ።»

አመተ ሥላሴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔም ወደ ሌላ በኩል አየሁ። ያን ሥዕል ሁለታችንም ዳግመኛ አናየውም። ባነር ማድረቂያ አዳራሽ ውስጥ፣ በመብራት፣ አንድ ቀን ተኩል አይተነዋል።

አባ ገብረ ሊባኖስ እጃቸውን ልብሳቸው ውስጥ ከትተው ያንኑ ገመድ አወጡ፤ ለጋሼ ደግሰው የላኩትን፣ እኔ የመለስሁላቸውን። ቋጠሮዎቹን አዩና ፈቷቸው።

«የደቡቡም ግድግዳ ባዶ ነው» አሏት። «የሴቶቹ። ለፋሲካ ይደርሳል?»

«ልኩን ማን ይሰጠኛል?»

«እሱን ራስሽ ገብተሽ ለኪው።»

ከበሩ ላይ ጫማዋን አውልቃ ደፉን ተሳለመች። ተከትያት ገባሁ። ግድግዳው ነጭ ነው፤ የኖራው ሽታ ገና አልለቀቀውም። ከጥጉ ጀምራ ክርኗን አስጠግታ ክንዷን ዘረጋች፤ የጣቷ ጫፍ የደረሰበትን በግራ እጇ ይዛ እንደገና ዘረጋች። በኽምጣና ትቆጥራለች። አምስት ላይ ስትደርስ ቁጥሩን አወቅሁትና ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ አብሬያት ቆጠርሁ። ከቅጥሩ ውጭ፣ ከተራራው ሥር፣ የካሤ ባጃጅ ጡሩምባ ይነፋል።

«ንገሪው» አለችኝ ከግድግዳው ሳትለይ። «ቀይ ቀለም ተርፎኛል፤ ዛሬ እጨርስለታለሁ።»